ኩማርቱሊ፦ የዱርጋ ምስል የሚወለድበት የጭቃ ሰፈር

ኩማርቱሊ በህንድ የምዕራብ ቤንጋል ዋና ከተማ በሆነችው በኮልካታ ሰሜናዊ ክፍል፣ በሁግሊ ወንዝ ዳር የሚገኝ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው። ዱርጋ ለተባለችው የሂንዱ አምላክ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ለሚከበረው ለዱርጋ ፑጃ በዓል የሚቆሙት ምስሎች በብዛት የሚሠሩት እዚህ ነው። አብዛኞቹ ባለሙያዎች ፓል የሚል የቤተሰብ ስም አላቸው፤ ብዙዎቹም ዘራቸውን የሚቆጥሩት በናዲያ አውራጃ ካለችው፣ በጭቃ ቅርጽ ሥራዋ ከታወቀችው ክሪሽናናጋር ነው። ሙያው ለረጅም ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ዛሬ የራሳቸውን ወርክሾፕ የሚመሩ ሴቶችም አሉ።

ምስሉ አሥር እጅ ያላትን ዱርጋን ከአንበሳዋ ጋር፣ ከጎሽ አካል የወጣውን ጋኔን ማሂሻሱራን በጦር ስትወጋው ያሳያል። በግራና በቀኝ ላክሽሚ፣ ሳራስዋቲ፣ ጋኔሽና ካርቲክ ይቆማሉ። ቤንጋሎች አራቱንም ልጆቿ ይሏቸዋል፤ በዓሉም እሷ ልጆቿን ይዛ ወላጆቿን ልትጠይቅ የምትመጣበት ጊዜ ነው።

ሠሪዎቹ ሸክላ ሠሪ ቢባሉም፣ ይህ ጭቃ እንደ እንስራ ወይም እንደ ጀበና እሳት አይገባም። ምስሉ በበዓሉ ማብቂያ ወንዝ ውስጥ ገብቶ መሟሟት ስላለበት ጥሬውን ይቀራል። የሙያው ጥበብም ሆነ ጣጣው ከዚሁ ይመነጫል፤ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከአደራረቅ ብቻ ነውና።

ሥራው የሚጀምረው ካታሞ ከሚባለው የእንጨትና የቀርከሃ አጽም ነው። በልማዱ መሠረት አጽሙ በሰኔ ወይም በሐምሌ በሚውለው የራትያትራ በዓል ዕለት ይባረካል። ከዚያ የሩዝ ገለባ እየተጠቀለለ ጁት ከሚባል የቃጫ ተክል በተሠራ ገመድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ደረት፣ ወገብ፣ ጭንና ክንድ ቅርጻቸውን የሚይዙት በዚህ ደረጃ ነው። ጭቃ የገለባውን ስህተት አይሸፍንም። ገለባው ልል ከሆነ ውስጡ ይላወሳል፤ የላዩ ጭቃም ከደረቀ በኋላ ይሰነጠቃል።

ጭቃው ሁለት ዓይነት ነው። ኤንቴል ማቲ ጠቆር ያለና የሚያጣብቅ ሲሆን፣ ከከተማው በታች ካለው ከኡሉቤሪያ በኩል በጀልባ ይመጣል። ቤሌ ማቲ ደግሞ አሸዋማና ልስልስ ነው። የመጀመሪያው ንብብር ከሩዝ ገለፈት ጋር የተለወሰ ኤንቴል ነው። ይህ ጭቃ ገለባውን ይዞ አይለቅም፤ ሲደርቅ ግን በጣም ስለሚኮማተር መሰንጠቁ አይቀርም። ቤት በጭቃና በጭድ መርጎ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ወዲያው ይረዳዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ንብብር በደንብ ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብም። ሁለተኛው በደቃቅ የጁት ጭረት የተለወሰ ቤሌ ሲሆን፣ ስንጥቁን ሞልቶ ገጹን ያለሰልሳል። ፊት በቅርጽ ማውጫ ተጭኖ ይወጣና በእጅ ይስተካከላል፤ ጣቶች ለብቻ ተሠርተው ይገጠማሉ። አንገትና የእጅ አንጓ ደካማ ቦታዎች ስለሆኑ፣ በቀጭን ጭቃ የተነከረ ስስ የጥጥ ጨርቅ ይለጠፍባቸዋል። ከዚያ እርጥብ ብሩሽ ደጋግሞ ይሄድባቸዋል።

ትልቁ ፈተና ዝናብ ነው። ምስሉ የሚሠራው በሞንሱን፣ አየሩ ራሱ እርጥብ በሆነበት ወራት ነው፤ የጎዳናው ዳር ሁሉ በፕላስቲክ ይሸፈናል። በዓሉ ሲቃረብ በከሰል ምድጃና በጋዝ እሳት ማድረቅ የተለመደ ነው። አደጋ ግን አለው። እሳቱ ከቀረበ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ የታመቀው እርጥበት ሲወጣ ቀለሙን ያነሳዋል። የሚሻለው እሳቱን አርቆ፣ ቦታውን እያፈራረቁ ማሞቅ ነው።

በደረቀው ጭቃ ላይ መጀመሪያ የሚቀባው በሁመር ፍሬ ሙጫ የተበጠበጠ የጠመኔ ዱቄት ነው። ሙጫው ከበዛ ቀለሙ ይላጣል፤ ካነሰ ደግሞ ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፋል። በነጩ ላይ የገላ ቀለም፣ በመጨረሻም ቫርኒሽ ይከተላል። በቀድሞው ወግ ዱርጋ ቢጫ፣ ማሂሻሱራ ደግሞ አረንጓዴ ነበሩ፤ በአንዳንድ የነባር ቤተሰቦች ምስል ላይ አሁንም እንደዚያው ናቸው።

ዓይን የሚሳለው መጨረሻ ላይ ነው። ቾኩዳን የሚባለው ይህ ሥርዓት በወጉ የሚፈጸመው በማሃላያ፣ ማለትም ዋናው በዓል ከመግባቱ ስድስት ቀን ያህል ቀድሞ ነው። የዱርጋን ሦስቱንም ዓይኖች የሚስለው የወርክሾፑ አንጋፋ ባለሙያ ነው፤ ብሩሹ አንዴ ካረፈ በኋላ እርማት ፊቱን ያበላሻል። ትእዛዝ ሲበዛና ማስረከቢያው ሲፈጥን፣ ዛሬ ብዙ ምስሎች ዓይናቸው ቀደም ብሎ ይሳላል። ሥርዓቱን ለሚያከብሩ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው።

ጸጉሩ የጁት ጭረት ነው። ነጩ ጌጥ በቤንጋል ሾላ ከሚባል (ከእኛው የሾላ ዛፍ ከተለየ) የረግረግ ተክል እምብርት በስለታም ቢላዋ ይቀረጻል። ቀላል ስለሆነ እጆቹን አይጫናቸውም፤ እርጥበት ግን ቶሎ ያበላሸዋል።

ነባሩ ቅርጽ አምስቱንም ምስሎች በአንድ ቅስት ሥር የሚያቆመው ኤክቻላ ነው። እያንዳንዱን ለይቶ በተፈጥሯዊ አካል የማሳየት ፈሊጥ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተስፋፋ ሲሆን፣ ከቀራጺው ከጎፔሽዋር ፓል ስም ጋር ይያያዛል። ኤክቻላ ለዓይን የተሰበሰበና ግርማ ያለው ቢሆንም በኩማርቱሊ ጠባብ መተላለፊያዎች ለማውጣት አስቸጋሪ ነው፤ የተለያዩት አንድ በአንድ በሸክም ይወጣሉ። የኮልካታ ዱርጋ ፑጃ በ2021 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ሲሰፍር ትኩረቱ ወደ እነዚህ እጆችም ዞሯል፤ ይገባቸዋልም።

በአሥረኛው ቀን፣ በዳሻሚ፣ ምስሎቹ ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። ጭቃው ይሟሟል፤ ሠራተኞች በእጅና በክሬን አጽሙን ያወጡታል፤ ደህናው ቀርከሃና እንጨት ለሌላ ሥራ ይውላል። የማይሟሟው ቀለሙ ነው። እርሳስ የተባለው ብረት ያለባቸው ቀለሞች ውሃውን ስለሚመርዙ፣ ባለሥልጣናት ከእርሳስ ነፃ ቀለም እንዲገባ ሲገፉ ቆይተዋል። አበባውና የመሥዋዕት ቁሳቁሱም ወንዝ ከመግባቱ በፊት እንዲለይ ይደረጋል። ወደ ውጭ አገር የሚሄዱት ምስሎች ግን ብዙውን ጊዜ ከፋይበርግላስ የተሠሩ ናቸው፦ በባሕር ጉዞ አይሰነጠቁም፣ ከበዓሉ ወራት ቀድመው ይላካሉ፣ ለጥቂት ዓመታትም ተቀምጠው እንደገና ይቆማሉ።