ጅቡና አርባው በግ፦ ስለ አትላንቲክ ሰርጓጅ መርከቦች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተወራ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ መነሳቱ አይቀርም። የብዙዎቻችን ሥዕል አንድ ነው፦ ለሳምንታት ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ ማንም የማያየው የብረት ዓሣ። ሥዕሉ ያምራል። ከ1939 እስከ 1945 የተካሄደውን የአትላንቲክ ውጊያ ግን አይመስልም። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ነው»

ለዛሬዎቹ የኑክሌር ሰርጓጆች ልክ ነው። ያኔ ግን እንዲህ አልነበረም። ጀርመኖች በብዛት የሠሩት «ዓይነት ሰባት» ውኃው ላይ ሲሆን በናፍጣ ሞተር በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ሲጠልቅ የሚሄደው በባትሪ ነው። ቢበዛ 14 ኪሎ ሜትር፣ እሱም ለአጭር ጊዜ። እያዘገመ ቢሄድ እንኳ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባትሪ ለመሙላት ብቅ ማለት አለበት። መጥለቅ መደበቂያ እንጂ መኖሪያ አልነበረም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋናው ጥቃትም የሚፈጸመው ሌሊት፣ ውኃው ላይ ሆኖ ነበር። የእንግሊዞቹ የድምፅ መፈለጊያ፣ አስዲክ፣ የጠለቀን ያገኛል፤ የተንሳፈፈው ያመልጠዋል። በኦክቶበር 1940 «ኤስ ሲ 7» ከተባለው ኮንቮይ (በጦር መርከብ ታጅቦ አብሮ የሚሄድ የጭነት መርከቦች ቡድን) 35 መርከቦች 20ው ሰጠሙ። ኦቶ ክሬችመር የተባለው የጀርመን ሰርጓጅ አዛዥ መርከቦቹ መሃል ገብቶ ሲተኩስ ነው ያደረው። የሸፈነው ውኃው ሳይሆን ጨለማው ነው።

«በኮንቮይ መሄድ ለጠላት ይመቻል»

እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። 40 በግ አንድ ላይ መንዳት ጅብ መጥራት አይደል? ግን ውቅያኖሱ ሰፊ ነው። አርባው ተበታትነው ከሄዱ ጅቡ አንዱን የማግኘት አርባ ዕድል አለው። ተሰብስበው ከሄዱ ያለው አንድ ዕድል ነው፤ ካመለጠው ሁሉም አመለጡት። ብዙዎቹ ኮንቮዮች ጠላት ሳያያቸው ነው የደረሱት። ካገኛቸውም አጃቢ ይጠብቀዋል።

1942ን እዩ። አሜሪካ ጦርነቱን በገባች ሰሞን በምሥራቅ ጠረፏ መርከቦች ለየብቻቸው ይሄዱ ነበር። የከተሞቹም መብራት ስላልጠፋ መርከቦቹ በሌሊት ጎልተው ይታዩ ነበር። ጀርመኖች በጃንዋሪ ዘመቻውን የከፈቱት በ5 ሰርጓጅ ብቻ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ሆነ። በጠረፉ ኮንቮይ ሲጀመር አዳኞቹ ወደ ካሪቢያን ዞሩ።

«ኤኒግማ ተፈታ፣ ውጊያው አለቀ»

ይቺ የፊልም ነገር ናት። ኤኒግማ ጀርመኖች መልእክታቸውን ወደ ምስጢር ኮድ የሚቀይሩበት ማሽን ነው። በፌብሩዋሪ 1942 ጀርመኖች ለሰርጓጆቻቸው የኤኒግማ ማሽን ኮዱን የሚያወሳስብ አራተኛ ተሽከርካሪ ጎማ ጨመሩ። እንግሊዞች መልእክቱን ማንበብ አቅቷቸው ለአሥር ወር ያህል ጨለማ ውስጥ ገቡ። በዚያው ዓመት በመስጠም ላይ ከነበረው የጀርመን ሰርጓጅ «ዩ 559» ሰነዶች ሲያወጡ ሁለት የእንግሊዝ መርከበኞች አብረውት ሰጠሙ፤ የኮድ ሰባሪዎቹን ዓይን መልሶ የከፈተው ያ ሰነድ ነበር። በሌላ በኩል ጀርመኖችም የእንግሊዞችን የኮንቮይ ኮድ ያነቡ እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም።

ረጅም ርቀት የሚበሩት ሊበሬተር አውሮፕላኖች፣ አዲሱ ራዳርና የሬዲዮ አቅጣጫ መፈለጊያውም ድርሻ አላቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሊቨርፑል ያለው አንድ ክፍል ነው። ካፒቴን ጊልበርት ሮበርትስና ወጣት ሴት የባሕር ኃይል አባላት ለአጃቢ መርከቦች መኮንኖች ማሠልጠኛ እንዲሆን ወለል ላይ በጠመኔ የጨዋታ ውጊያ ይስሉ ነበር። መኮንኖቹ ከሸራ ጀርባ ሆነው በቀዳዳ እያዩ ይወስናሉ። ባሕር ያረጁት አዛዦች ልጃገረዶቹ ሲረቷቸው ምን ይሰማቸው ይሆን?

በሜይ 1943 ጀርመን በአንድ ወር 41 ሰርጓጅ አጣች። የጀርመን ባሕር ኃይል አዛዥ አድሚራል ዶኒትዝ ሰርጓጆቹን ከሰሜን አትላንቲክ አስወጣቸው። እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ከሠራተኞቻቸው ከ10 ሰው 7ቱ ገደማ አልተመለሱም።

«የጀርመንና የእንግሊዝ ጉዳይ ብቻ ነው»

ኢጣሊያም ነበረችበት፤ የተወሰኑት ሰርጓጆች የተነሱት ደግሞ ከእኛው ቀይ ባሕር ነው። በጁን 1940 ምጽዋ ላይ 8 ነበሯት። «ጋሊሊዮ ጋሊሌይ» የምትባለውን ኤደን አጠገብ የማረከቻት «ሙንስቶን»፣ ለጦርነት የታጠቀች ትንሽ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ነበረች። በወሩ መጨረሻ አራት ብቻ ቀሩ። አራቱ በማርች 1941 ከምጽዋ ወጥተው አፍሪካን ዞሩ፤ መንገድ ላይ ነዳጅ ከጀርመን መርከቦች እየቀዱ በሜይ ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ገቡ። በኤፕሪል ምጽዋ በእንግሊዞች እጅ ስትወድቅ ገና ባሕር ላይ ነበሩ።