ጸጉር መንጨትና ቦርደርላይን፦ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ኪኒን አለ?

ደሴም ኮምቦልቻም «ለሁለቱም የሚሆነው መድኃኒት የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ስለበዛ ነው የምጽፈው። አብሽሩ፣ መልሱ አጭር ነው፦ ለጸጉር መንጨትም (የራስን ጸጉር መንቀል መተው የሚያቅትበት ሕመም) ሆነ ለቦርደርላይን (ስሜትና ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት በኃይል የሚዋዥቅበት የስብዕና ሕመም) ተብሎ በይፋ የጸደቀ መድኃኒት የለም። የሁለቱም ዋና ሕክምና የንግግርና የልምምድ ነው። ለመንጨቱ እጅ ወደ ጸጉር የሚሄድበትን ሰዓት መለየትና በዚያች ቅጽበት ጡጫ ጨብጦ መቆየት፣ ለቦርደርላይኑ ደግሞ የስሜት ማዕበልን የመቋቋም ሥልጠና።

ታዲያ ሐኪም ኪኒን ለምን ያዛል? አንዲት ልጅ ድባቴም አለባት እንበል። ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊግራም ተሰጣት። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ድባቴው ቀለል ሲል መንጨቱ ግን ሊቀጥል ይችላል። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ የታዘዘው ለድባቴው ነው። በራሷ ብታቋርጠው ድባቴው ሊመለስ ይችላል።

ለመንጨቱ የተሻለ ተስፋ የታየበት አሴቲልሲስቴይን ነው፤ አክታ ለማቅጠን የሚሰጠው ማለት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት አዋቂዎች በቀን ከ1200 እስከ 2400 ሚሊግራም ለ12 ሳምንት ወስደው ብዙዎቹ ተሽሏቸዋል። በልጆች ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት ግን መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ኪኒን አልተሻለም።

ክሎሚፕራሚን የሚባለው የቆየ የድባቴ መድኃኒትም አንዳንዶችን ከመንጨቱ ይረዳል። ከመጠን በላይ ሲወሰድ ግን የልብ ምት ያዛባል፣ ይገድላልም። ቦርደርላይን ያለበት ሰው በጭንቅ ሰዓት ራሱን ሊጎዳ ስለሚችል ይህን መድኃኒት በብዛት ቤት ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ከታዘዘም በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይሰጥ፤ የሚያምኑት የቤተሰብ ሰው ይያዘው።

መጠንና ምርጫ ከሰው ሰው ይለያያል፤ እርግዝናና ሌላ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ ይነገር። የተነጨውን ጸጉር የሚውጥ ሰው ሆዱን ካመመው ወይም ካስመለሰው ቶሎ ሆስፒታል ይሂድ፤ ጸጉሩ ተጠቅልሎ አንጀት ይዘጋልና።