መኪና ጃምፕ ማድረግ ምንድን ነው?

ጠዋት ቁልፉን ስታዞሩ መኪናው «ጠቅ ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። የዳሽቦርዱ መብራት ከደበዘዘ አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው የባትሪ ነው። መብራቱ ቦግ ብሎ በርቶ ሞተሩ ጨርሶ ንቅንቅ ካላለ ግን ሞተሪኖውን፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ጠርጥሩ። ባትሪው ከሆነ፣ ከሌላ መኪና ባትሪ ጋር በኬብል አያይዞ ማስነሳት ይቻላል። ጃምፕ ማድረግ ማለት ይኸው ነው።

ኃይሉ የሚፈለገው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ሞተሪኖው ሞተሩን ለማዞር በትንሽ መኪና እንኳ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል፤ ናፍጣ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የደከመ ባትሪ ሬዲዮ ያጫውት ይሆናል እንጂ ይህን አይችልም። ሞተሩ አንዴ ከተነሳ ከሞተሩ ጋር እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞ ሥራውን ይረከባል።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን ቀልድ አይደለም። ሁለቱ መኪኖች ሳይነካኩ ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ ሁለቱም ይጠፋሉ። ቀዩ ኬብል መጀመሪያ በደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ከዚያ በጤነኛው ፖዘቲቭ ላይ ይታሰራል። ጥቁሩ በጤነኛው ኔጌቲቭ ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመጨረሻዋ ጫፍ ላይ ነው። እሷ የምትታሰረው በደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራቅ ባለ፣ ቀለም በሌለው የሞተር ብረት ላይ ነው። ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ይተፋል፤ የመጨረሻዋ ጫፍ ስትነካ ደግሞ ብልጭታ አይጠፋም። ሁለቱ ከተገናኙ ባትሪው ሊፈነዳና አሲዱ ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። «እኔ ሁሌ በቀጥታ ነው የማስረው፣ ምንም ሆኖ አያውቅም» የሚል ሰው አይጠፋም። እስካሁን ቀንቶታል ማለት ነው።

ከዚያ ጤነኛው መኪና ይነሳል፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የደከመው ይሞከራል። ሲነሳ ኬብሉ በታሰረበት ቅደም ተከተል ተገልብጦ ይፈታል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተምታታ ፊውዙ፣ ዲናሞው፣ አንዳንዴም የመኪናው ኮምፒውተር ይቃጠላል። ገበያ ላይ ያለው ቀጭን ኬብል ደግሞ ይግላል እንጂ ኃይል አያሳልፍም፤ ወፍራሙን ግዙ።

መንገድ ላይ ቆማችሁ አንድ ደግ የአይሱዙ ሾፌር «ላስነሳልህ» ቢል አመስግናችሁ መጀመሪያ ቮልቱን ጠይቁ። ብዙዎቹ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ የቤት መኪና 12 ነው። ሁለቱን ማገናኘት ኤሌክትሮኒክሱን መጥበስ ነው።

«ግፉልኝ!» ማለትስ? ማኑዋል ከሆነ ይሠራል። ቁልፉን ከፍቶ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ መኪናው ሲፈጥን ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው። አውቶማቲክን ግን ሰፈሩ በሙሉ ቢገፋው አይነሳም፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ጎማውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው በዘይት ግፊት ነው፣ ግፊቱን የሚፈጥረው ደግሞ ራሱ ሞተሩ ነው።

ኢትዮጵያ በ2024 እ.ኤ.አ. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ያ ትልቅ ባትሪ እያለው እሱም ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ይይዛል። እሷ ስትሞት ዋናው ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነቃም። ትንሿን ጃምፕ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይቻላል፤ ለሌላ መኪና ኃይል ይስጥ ከማለታችሁ በፊት ግን መመሪያውን እዩ፣ ብዙ አምራቾች ይከለክላሉ።

መኪናው ከተነሳ በኋላ ወዲያው አታጥፉት። በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ ሞተር አስነስቶ መቆም ብዙም ቻርጅ ስለማያደርግ ለቀቅ ባለ መንገድ ግማሽ ሰዓት ያህል መንዳት ይሻላል። በማግስቱም ካልተነሳ የባትሪውን ጫፎች እዩ፤ ነጭ ዝገት ካለ ይጸዳ። ከዚያ ቮልቱን አስለኩ። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ እየሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ መሆን አለበት። ሞተር ተነስቶም 12 ላይ ከቀረ ቻርጅ ያላደረገው ዲናሞው ነው፤ አዲስ ባትሪ ብትገዙለትም እሱንም ይጨርሰዋል።