የሬዲዮ ዌስተርን ተዋናይ «ልዩ ድምፅ» ምንድን ነው?

የድሮዎቹ የአሜሪካ የሬዲዮ ዌስተርን (የካውቦይና የሽጉጥ ታሪክ) ድራማዎች ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ብቅ ይልና «የተዋናዮቹ ድምፅ እኮ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ምን ለፉበት?» ይላል። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ አስተያየት ሰጪ ባሰበት፤ ልዩ ድምፅ ማለት የወፈረ ወይም የተሰነጠቀ ጉሮሮ ማለት ነው ብሎ ደመደመ። ኧረ በሕግ!

ሬዲዮ ላይ አንድ ድምፅ ልዩ የሚባለው አጠገቡ ካሉት ድምፆች ጋር ሳይምታታ ሲቀር ነው። አድማጩ ባርኔጣም ሪዝም አይታየውም። መጠጥ ቤት ውስጥ ሦስት ወንዶች ሲጨቃጨቁ የሁለቱ ድምፅ ከተመሳሰለ ማን ሽጉጥ እንደመዘዘ እንኳ ሳይታወቅ ታሪኩ ያልቃል። ሦስቱም ጎርናና ከሆኑማ ጎርናናነት ምን ይፈይዳል?

ገንስሞክን እንውሰድ። ከ1952 እስከ 1961 (በፈረንጆቹ) በሲቢኤስ ሬዲዮ የተላለፈ፣ ታሪኩ ካንሳስ ውስጥ ዶጅ ሲቲ ላይ የሚሆን ድራማ ነው። ማርሻሉን (ሕግ አስከባሪውን) ማት ዲለንን የሚጫወተው ዊልያም ኮንራድ ነው፤ ድምፁ ከባድ፣ ሥራው ያታከተው ሰው ድምፅ። ረዳቱን ቼስተርን የሚጫወተው ፓርሊ ቤር ደግሞ ለስለስ ብሎ ቃሉን ይጎትታል። «ሚስተር ዲለን» ሲል ብቻ ስሙት፤ ከስሙ በኋላ የሚመጣው ወሬ መጥፎ መሆኑን ገና ሳይናገረው ታውቁታላችሁ። ዶክ አዳምስን የሚጫወተው ሃዋርድ ማክኒር ቀጠን ባለ፣ በሚጣደፍ፣ ጫፉ ላይ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይመጣል።

ክራር የሚመታ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። አንዱን ክር ብቻ ነጥላችሁ ብትመቱት ትዝታ ይሁን ባቲ ማንም አይለየውም፤ ቅኝቱ የሚታወቀው ክሮቹ አብረው ሲሰሙ ነው። ኮንራድ ወፍራሙ ክር፣ ማክኒር ቀጭኑ፣ ቤር መሃል ላይ ያለው፤ ዳይሬክተሩ ኖርማን ማክዶኔል ቃኚው ነበር። ከፈቀዳችሁልኝ ምሳሌውን ትንሽ ልለጥጠው፦ ያው ክር በሌላ ቅኝት ሌላ ዜማ ይሰጣል። ማክኒር በኋላ በአንዲ ግሪፊዝ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ፀጉር ቆራጩ ፍሎይድ ሆኖ ቀረበ። በዶጅ ሲቲ አስከሬን ላይ ሲቀልድ ጆሮ የሚኮረኩረው ያ መንቀጥቀጥ እዚህ ሆድ የሚያስይዝ ሳቅ ሆነ። ጉሮሮው ያው ነው። (የክራር ሰዎች አትቆጡኝ፤ ክር በእርጥበት እንደሚላላ አውቃለሁ፣ ተዋናይንም ጉንፋን ይይዘዋል።)

አስተያየት ሰጪው ወንድማችን ያልገባውን ነገር ከሁሉ በላይ የምታሳየው የቼስተር እግር ናት። ገንስሞክ በ1955 ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገር ቼስተርን የተጫወተው ዴኒስ ዊቨር ማነከስ ጀመረ። የሬዲዮው ቼስተር አያነክስም፤ ማንከስም አላስፈለገውም። ቤር በአነጋገሩ ጎተት ማለት የያዘውን ቦታ ዊቨር በእግሩ ያዘው። ሁለቱም ያደረጉት ከረጅሙና ከኮስታራው ማርሻል ጎን የማይምታታ ሰው ማቆም ነበር።

ጆን ዴነር ደግሞ አለ። በ1958 ፍሮንቲየር ጀንትልማን በተባለው ድራማ ኬንዳል የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ሆኖ በምዕራቡ ምድር ሲዞር ከረመ። ያ ድራማ በኖቬምበር አበቃ፤ በዚያው ወር ዴነር ፓላዲን የተባለውን ቅጥር ተኳሽ ይዞ ሀቭ ገን ዊል ትራቭል በተባለው የሬዲዮ ድራማ ላይ ብቅ አለ። ያውም ገፀ ባህሪው አስቀድሞ በቴሌቪዥን በሪቻርድ ቡን የታወቀ ነው። አንድ ጉሮሮ፣ በአንድ ወር ሁለት ሰው። ይህ ተፈጥሮ ብቻ ከሆነ ልምምድ የምንለው ምኑን ነው?

«አንዲ ዲቫይንስ?» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ እሱ ልክ ነው። ዋይልድ ቢል ሂኮክ በተባለው ድራማ ላይ የሂኮክን ጓደኛ ጂንግልስን የተጫወተበት ያ የሚፍገመገም፣ የሚሰነጠቅ ድምፅ የራሱ ነው፤ በልጅነቱ አፉ ውስጥ እንጨት ይዞ ወድቆ ጉሮሮውን መጎዳቱን ያወራ ነበር። ለተሳሳተው አስተሳሰብ ዋና ምስክር ተደርጎ የሚጠራውም እሱ ነው። ግን አጠገቡ ሂኮክን የሚጫወተው ጋይ ማዲሰን ለስላሳ ድምፅ ባይኖረው ኖሮ ያ ስንጥቅ ምን ያህል ይሰማ ነበር?

የቀረፃ ሰው ነኝና ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር። የዚያን ዘመን ሪበን ማይክሮፎን (ድምፅን በቀጭን የብረት ጥብጣብ የሚቀበለው) አፍ ሲጠጋው ድምፁን ከታች ያወፍረዋል፤ ሲርቁት ያቀጥነዋል። ስለዚህ «ወፍራም ድምፅ» ከምትሉት ውስጥ ገሚሱ ተዋናዩ የቆመበት ቦታ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ የመካከለኛ ሞገድ ሥርጭት የድምፁን የላይኛውን ክፍል ይቆርጠዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ቅጂ ነው፤ ከዲስክ ወይም ከቴፕ ሲገለበጥ ፍጥነቱ ትንሽ ከጨመረ ሁሉም ሰው ይጣደፋል፣ ድምፁም ይቀጥናል። አስተያየት ሰጪው ማክኒር «እንደ ወፍ የሚንጫጫ» ነበር ብሎ የለጠፈውን ቅጂ ከፍቼ ሰማሁት፤ እዚያ ቅጂ ላይ ኮንራድ ራሱ እንደ ጎረምሳ ነው የሚሰማው።