የሊዝ ገቢ ምንድን ነው? ጨረታ ላይ የተጠራው ብር አይደለም

የመሬት ጨረታ ውጤት በተለጠፈ ቁጥር አንዱ ዝርዝሩን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይለጥፈዋል። ከስሩ ሌላው ካሬውን በዋጋው ያባዛና «ደሴ በአንድ ቀን ይህን ሁሉ ሚሊዮን አስገብታ እንዴት ሰው ጎዳና ያድራል? ቤት አይሰራበትም?» ይላል። ላይኩ ይዘንባል። ቁጣው ይገባኛል፣ እኔም ሸዋ በር በረንዳ ላይ የሚያድሩትን አያለሁ። ሂሳቡ ግን ስህተት ነው። ይህንን ስህተት ደግሞ አሁንስ ሰለቸኝ።

ሊዝ የመንግሥትን የከተማ መሬት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ መያዝ ነው፤ ቦታ ፈልጎ የተንከራተተ ሁሉ ያውቀዋል። የሊዝ ገቢ ማለት ግን በበጀት ዓመቱ ውስጥ ደረሰኝ ተቆርጦለት ካዝና የገባ ብር ነው። በቃ።

እንበል አንድ ሰው 150 ካሬ ቦታ በካሬ 20,000 ብር ጠርቶ አሸነፈ። ሦስት ሚሊዮን ተባለ። በ2004 ዓ.ም የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የሚጠይቀው ቅድመ ክፍያ ቢያንስ 10 በመቶ ነው። ስለዚህ አሸናፊው 300,000 ከፍሎ ውል ሊፈርም ይችላል። የቀረው 2,700,000 ለዓመታት ይከፋፈላል። 30 ዓመት ተሰጠው ብንል ወለዱን ትተን በዓመት 90,000 ብር ነው። ወንድሜ፣ አንተ በሦስት ሚሊዮን ስንት ቤት እንደሚሰራ ስታሰላ ገንዘብ ያዧ ደረሰኝ የቆረጠችው የ300,000 ነው።

«የመቶ ሺህ ብር እቁብ ገብቻለሁ» የሚል ሰው ኪሱ ውስጥ መቶ ሺህ ብር እንደሌለ ማንም ያውቃል። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለትም ለጊዜው ሀብታም ይመስላል እንጂ ገና ብዙ ሳምንት የሚጥለው ዕዳ አለበት። ከተማውም እንደዚሁ ነው። ያቺን 300,000 ሲቀበል ዕዳው ቀድሞ ተቆልሏል። ቦታው የገበሬ ማሳ ከነበረ ካሳ አለ። በ2011 ዓ.ም የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 በቋሚነት ለሚነሳ ባለ ይዞታ የሚከፈለውን ከ10 ዓመት ገቢ ወደ 15 አሳድጎታል፣ ለገበሬው ደግ አደረገ። መንገድ መክፈት አለ፣ ውሃ አለ፣ መብራት አለ። ደሴ ላይ ደግሞ ተዳፋት ነውና ድጋፍ ግንብና የጎርፍ መውረጃ ይጨመራል፤ ጦሳ ተራራ ስር ቦታ ማዘጋጀትና ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ማዘጋጀት በአንድ ዋጋ አይሆንም። እቁብተኛ ቢያቋርጥ ዋሱ ይያዛል። የጨረታ አሸናፊ ሳይፈርም ቢጠፋ ግን ከተማው የጨረታ ማስከበሪያውን ወርሶ ቦታውን እንደገና ማውጣት ነው ያለው፤ እዚህ ላይ እቁቡ ከከተማው ይሻላል።

ደግሞ የሊዝ መነሻ ዋጋ የሚባል፣ ጨረታው ከእሱ በታች የማይወርድበት ዋጋ አለ። የሊዝ አዋጁ ራሱ እንደሚለው የሚተመነው የመሠረተ ልማት ወጪን፣ ነባር ቤት ያለበት ከሆነም የማፍረሻና የካሳ ወጪን ታሳቢ አድርጎ ነው። ስለዚህ እስከ መነሻ ዋጋው ድረስ የሚሰበሰበው ብር ወጪን መመለሻ ነው። ቢያንስ በወረቀት ደረጃ። መነሻ ዋጋው በወቅቱ ካልተከለሰ ያንንም አይመልስም፤ አዋጁ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ አንዴ ይከለስ ይላል።

(ማንም አልጠየቀኝም እንጂ፦ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ግንቦት ላይ የወጣ ጨረታ ብሩ ሐምሌ ላይ ቢገባ የሚቀጥለው ዓመት ገቢ ነው። የሁለት ዓመት ሪፖርት ስታወዳድሩ ይቺን አትርሱ።)

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከተማ ለርካሽ ቤት የሚያዋጣው ትልቁ ገንዘብ የሰበሰበው ሊዝ ሳይሆን ያልሰበሰበው ነው። በማኅበር ተደራጅቶ በምደባ ቦታ ያገኘ ሰው ጨረታ አይገባም፣ የሚታሰብለት በመነሻ ዋጋ ነው። መነሻው በካሬ 1,000 ብር ቢሆን ያው 150 ካሬ 150,000 ብር ይሆናል። ከሦስት ሚሊዮኑ ጋር ያለው ልዩነት 2,850,000 ብር ነው። በእርግጥ የማኅበር ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ዳር ነው፣ የፒያሳን ዋጋ አያወጣም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ብዙ ቀንሱት። ቢቀነስም ግን ትልቅ ድጎማ ነው፤ በየትኛውም የበጀት መደብ ላይ አይታይም፣ ምክር ቤት አያጸድቀውም፣ ፎቶ አንስቶ የሚለጥፈውም የለም።

ታዲያ ይሄ ድጎማ ለማን ይደርሳል? ለቤቱ ሥራ በባንክ ዝግ ሒሳብ (እንደፈለጉ በማይወጣበት ሒሳብ) ብር ማስቀመጥ ለቻለ፣ ቀጥሎም ሲሚንቶና ብረት መግዣ ላለው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ እየሰራች ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ለምትኖር ልጅ አይደርስም። በረንዳ ለሚያድረውማ ጭራሽ። ለእነሱ የሚቀርበው የሚከራይ ርካሽ ጣሪያ ነው፤ ያ ደግሞ እስካሁን በዋናነት የቀበሌ ቤት ነው። የቀበሌ ቤቶች በ1967 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ውስጥ ኪራያቸው እስከ 100 ብር ሆኖ ወደ ቀበሌ የሄዱት ናቸው። አርጅተዋል፣ ጭቃቸው እየረገፈ ነው፣ ኪራያቸው ቆርቆሮ እንኳ አያስቀይርም። ብዙዎቹ የቆሙት ግን መሀል ከተማ፣ ጨረታ ላይ ጥሩ ዋጋ በሚያወጣው መሬት ላይ ነው። እነሱን አፍርሶ መሬቱን ያጫረተ ከተማ የምትክ ቤቱን ወጪ ከገቢው ላይ ሳይቀንስ «ገቢዬ አደገ» ቢል ሪፖርቱን አልቀበለውም።

ጎዳና ላይ ያለውን ሰው የማንሳት ሥራማ ገንዘቡም ቢሮውም ሌላ ነው። በ2009 ዓ.ም የተጀመረው የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት (የከተማ ድሆችን የሚደግፈው ፕሮግራም) መጀመሪያ ካቀፋቸው 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች፤ ብሩ የመጣው ከዓለም ባንክና ከመንግሥት እንጂ ከመሬት ጨረታ አይደለም። ፕሮግራም ደግሞ ጊዜው ሲደርስ ያልቃል።

በጀት ሲቀርብ የመጠየቅ ዕድል ካገኛችሁ ስንት ተጠራ አትበሉ። ስንት ተሰበሰበ፣ ካሳውና መንገዱ ሲቀነስ ስንት ተረፈ፣ በምደባ የወጣው ቦታ ለማን ሄደ፣ ስንት የቀበሌ ቤት ፈርሶ ስንት ተተካ በሉ። መልሱ በአራት የተለያዩ ሰዎች ዴስክ ላይ ስለሚገኝ ጥያቄውን በጽሑፍ አስገቡት።