«ነብር አየኝ በል»፦ ማን ማንን ቀድሞ አየ?

ልጅ ሆኜ ይህን አባባል አብዝቼ የሰማሁት ከታላቅ ወንድሜ ነው። ደብተሩን ቀድጄበት ወይም ኳሱን ይዤ ጠፍቼ ስመለስ አይጮህም፣ አይማታም። በሩ ላይ ቆሞ ጣቱን ይቀስርብኛል። «ቆይ ብቻ! ነብር አየኝ በል!» ይልና ይሄዳል። የዚያን ቀን ጨዋታም አይጥመኝ። በየጥጉ የእሱን ኮቴ አዳምጣለሁ። ብዙውን ጊዜ ምንም አያደርገኝም ነበር። ያ ሁሉ መጠበቅ ራሱ በቂ ቅጣት ነበር።

ትርጉሙ ለማንም አይጠፋውም። «ዓይኔን ጥዬብሃለሁ፣ ሳታስበው እደርስብሃለሁ፣ ተጠንቀቅ» ማለት ነው። ለእኩያና ለታናሽ የሚባል ዛቻ ነው። ለሴት «በይ»፣ ለብዙ ሰው «በሉ» ይሆናል። በአንቱታ ሲባል ሰምቼ አላውቅም፤ ለሚያከብሩት ሰው የሚወረወር ቃል አይደለም። የኳስ ደጋፊዎችም ከትልቅ ጨዋታ በፊት ይባባሉበታል። ያኔ ግማሽ ዛቻ፣ ግማሽ ጨዋታ ነው።

ግን ለምን ነብር? ለምን አንበሳ ወይም ጅብ አልተባለም?

አንበሳን በአፋችን የምናውቀው በግሳቱ ነው። ጅብም ገና ከሩቅ ይጮሃል። ነብር ዝም ብሎ ነው የሚያድነው። ብቻውን ይሄዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት። ነጠብጣቡ ከቅጠልና ከጥላ ጋር ይመሳሰልለታል። ረጅም ርቀት አሯሩጦ አይዝም። በሆዱ እየተሳበ ጥቂት ሜትር እስኪቀረው ይጠጋና ድንገት ይዘላል። አንዳንዴም ዛፍ ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ የገደለውንም ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅላል። ስለዚህ ከነብር ጋር ሲሆን ትልቁ ጥያቄ «ማን ማንን ቀድሞ አየ?» የሚለው ነው።

አሁን ቃሉን ልብ በሉት። «ያየኛል» አይልም። «አየኝ» ነው የሚለው፤ ነገሩ አልፏል፣ ታይተሃል። «በል» የሚለውም «ብለህ ቁጠረው» እንደማለት ነው፤ «አበቃልኝ በል» እንደምንለው። አንተ ገና ምንም አላየህም። እሱ ግን አይቶሃል። ፍርሃቱ ያለው እዚህ መሃል ነው።

እኔ ይህ ነገር በደንብ የገባኝ ከአገር ርቄ፣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ፣ ዛፍ ላይ ተቀምጬ ነው።

አዝመራ ጠባቂ ዝንጀሮና ወፍ የሚያባርርበትን ከፍ ያለ መቀመጫ ማማ እንለዋለን። በቀስት አጋዘን የሚያድኑ ሰዎችም ማማ አላቸው። ዛፍ ግንድ ላይ ጥብቅ ተደርጎ የሚታሰር የብረት መቀመጫ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመሬት 5 ወይም 6 ሜትር ከፍ ይላል። ሰውየው ራሱን በቀበቶ ከግንዱ ጋር ያስራል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በዚህ አደን ሰው በብዛት የሚጎዳው ከማማ ወድቆ ነው። (አጋዘን ስል በነገራችን ላይ እኛ አገር በዚህ ስም የምናውቀውን ባለ ጥምዝ ቀንዱን አይደለም። የዚያ አገሩ ነጭ ጭራ ያለው ነው፤ ቀንዱ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ በየዓመቱም ወልቆ እንደገና ይበቅላል።)

ፈቃዴን ይዤ፣ ሳይነጋ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ወሩ ኖቬምበር ነበር፤ ወንዶቹ አጋዘኖች ሴት ፍለጋ ቀን በቀን የሚንከራተቱበት ጊዜ። ብርሃኑ ቅጠሉን መለየት ሲጀምር አውራው መጣ። አፍንጫውን መሬት ላይ አድርጎ የሴቷን ዱካ ይከተላል። 25 ሜትር ያህል ሲቀረው ደጋኔን መሳብ ጀመርኩ።

ግማሽ ላይ ስደርስ ቀና አለ።

የአጋዘን ዓይን በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ነው ያለው። አንገቱን ሳያዞር 300 ዲግሪ ያህል ዙሪያውን ያያል። ቀይና ብርቱካንማ ቀለም በደንብ አይለይም፤ አዳኞች ደማቅ ብርቱካንማ ለብሰው የማይጋለጡት ለዚህ ነው። እንቅስቃሴ ግን አያመልጠውም። ደንዝዞ የተቀመጠን ሰው እንደ ጉቶ አልፎት ይሄዳል፤ ያ ሰው ክንዱን አንድ ስንዝር ሲያንቀሳቅስ ግን ዓይኑ እዚያው ያርፋል። እኔንም ያጋለጠኝ ክንዴ ነው።

ተፋጠጥን። የዘመኑ ደጋን መዘውር አለው። እስከ መጨረሻው ሲሳብ ክብደቱ ይቀላል፤ መሃል ላይ ግን ሙሉ ጫናው ክንድ ላይ ነው። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። መሳብም አልቻልኩ፣ መመለስም አልቻልኩ። ትከሻዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አውራው አንገቱን ዝቅ አደረገ። ሳር ሊግጥ ነው ብዬ ስተነፍስ ድንገት ቀና አለ! ሊያታልለኝ ነበር። ደገመው። ከዚያ የፊት እግሩን አንስቶ መሬቱን ደቃ። አንዴ። ቆየት ብሎ ደግሞ አንዴ።

ያን ጊዜ የወንድሜ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ። ነብር አየኝ በል!

ዛፍ ላይ አድፍጬ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። በዚያ ጫካ ነብሩ እኔ ነበርኩ ማለት ነው። ግን የተያዝኩትም፣ የተንቀጠቀጥኩትም እኔ ነኝ። ለመተኮስ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ፍላጻ በሰከንድ 85 ሜትር ቢሄድ 25 ሜትር ለመድረስ ከሰከንድ ሩብ በላይ ይፈጅበታል። የአውታሩ ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ይሄዳል፤ ቀድሞት ይደርሳል። የነቃ አጋዘን ድምፁን ሲሰማ ለመፈትለክ ወደ ታች ያጎነብሳል። ያኔ ፍላጻው ወይ በላዩ ያልፋል፣ ወይ ያልታሰበ ቦታ ገብቶ ያቆስለዋል። አቁስሎ መልቀቅ ደግሞ ለእኔ ከሁሉም የከፋ ነው።

በመጨረሻ በአፍንጫው ኃይለኛ ትንፋሽ አወጣ፤ ፉጨትም ማስነጠስም የሚመስል ድምፅ ነው። ነጩን ጭራውን እንደ ባንዲራ ሰቀለና ዘሎ ሄደ። የዱር እንስሳት አጥኚዎች ስለዚህ ድምፅና ስለዚህ ጭራ ብዙ ይከራከራሉ። አንዱ ማብራሪያቸው ልቤን ይነካዋል፤ መልእክቱ ለጓደኞቹ ብቻ ሳይሆን ለአዳኙም ጭምር ነው ይላሉ። «አይቼሃለሁ፤ ከእንግዲህ አትልፋ» እንደማለት ነው። ያደፈጠ አውሬ መታየቱን ሲያውቅ ማሯሯጡ አያዋጣውም።

ከዚያ ወዲህ አባባሉን በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው። እውነተኛ ነብር «አይቼሃለሁ» ብሎ አይናገርም። ቢናገር አያድንም። «ነብር አየኝ በል» የሚልህ ሰው ግን ነገረህ። እየዛተብህ፣ ነብር ለማንም የማይሰጠውን ማስጠንቀቂያ ሰጠህ። ለዚህ ነው በጣም በሚቀራረቡ ሰዎች መካከል፣ በወንድማማች፣ በጓደኛ፣ በጎረቤት ልጆች መካከል የምትሰማው። የምር የሚጠላህ ሰው እንዲህ አይልህም። ለእንዲያ ዓይነቱ ሌላ አነጋገር አለን፤ «ጥርስ ውስጥ ገባ» እንላለን። ጥርስ ውስጥ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ መግባቱን አያውቅም። ማንም በር ላይ ቆሞ ጣቱን አልቀሰረበትም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያስፈራ እኔ አልጠራጠርም፤ ጥርሱ ነው።

ለወንድሜ ያን ዕለት ማታ ደወልኩለትና ነገሩን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። «እኔ ግን አንድም ቀን ልመታህ አስቤ አላውቅም ነበር እኮ» አለኝ።

ከማማው ወርጄ አውራው የቆመበት ቦታ ሄጄ ነበር። እርጥቡ ቅጠል ላይ የፊት እግሩ ምልክት ነበር፤ ለሁለት የተከፈለ ሰኮና፣ ከሌሎቹ ኮቴዎች ይልቅ ጠልቆ የገባ። ወደ ዛፉ ዞሮ ነበር የቆመው።