ስክሪን ሪደር ምንድን ነው?

«ስልኩ ራሱ ያነብላቸው የለም ወይ? ታዲያ ለዓይነ ስውራን ሲባል የስልክ ጨዋታ ለምን እንደገና ይሠራል?» የሚል አስተያየት ሰሞኑን ደጋግሞ አጋጥሞኛል። እዚህ ጎንደር መተግበሪያዎችን በስክሪን ሪደር እየፈተሽኩ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ፣ ይህን አባባል ሰምቶ ማለፍ ከበደኝ።

ስክሪን ሪደር ማየት ለማይችል ሰው የስልኩን ይዘት በድምፅ የሚናገር ሶፍትዌር ነው። ቶክባክ የተባለው በአንድሮይድ፣ ቮይስኦቨር የተባለው ደግሞ በአይፎን ላይ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስላሉ፣ አጠቃቀማቸው ላይ አልቆይም። ስሕተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ሰው ስክሪን ሪደር ስክሪኑን እያየ የሚተርክ ይመስለዋል። የሚያነበው ግን መተግበሪያው ከሥዕሉ በስተጀርባ ለስልኩ የሚያስረክበውን ዝርዝር ነው፤ ይህ በተን (የሚጫኑት ቁልፍ) ነው፣ ስሙ «ላክ» ይባላል፣ ለጊዜው አይሠራም፣ የሚል ዝርዝር።

ነገሩ ነጋሪት አስጎስሞ በአደባባይ የሚለፍፈውን አዋጅ ነጋሪ ይመስላል። አዋጅ ነጋሪ ግቢ ገብቶ ምክሩን አልሰማም፤ በሩ ላይ የተሰጠውን ወረቀት ብቻ ያነባል። ወረቀቱ ባዶ ከሆነ «አዋጅ! አዋጅ!» ብሎ ከመቆም ሌላ ምርጫ የለውም፤ ስም ያልተሰጣቸው በተኖች በተደረደሩበት መተግበሪያ ላይ ስክሪን ሪደሩ «በተን፣ በተን፣ በተን» የሚለው ለዚህ ነው። ገጾቹ ከተዘበራረቁ ቅጣቱን ከጥፋቱ ያስቀድማል፤ የዝርዝሩ ቅደም ተከተል የተዛባበት መተግበሪያም እንዲሁ ይነበባል። ግቢው ውስጥ አዋጁ ተሽሮ አዲስ ወረቀት ካልተላከለት የተሻረውን ሲለፍፍ ይውላል፤ በጨዋታ መሐል ነጥቡ ተቀይሮ ስክሪን ሪደሩ የቀድሞውን ቁጥር የሚናገረውም እንዲሁ ነው። እርሱ እየተናገረ ነጋሪቱ መጎሰሙን ካላቆመ ደግሞ ማንም አይሰማውም፤ የጀርባ ሙዚቃውን ለብቻው ዝቅ የሚያደርጉበት መንገድ ያላዘጋጁ ጨዋታ ሠሪዎች ይህችን ቢያስቡባት ደስ ይለኛል። እንግዲህ ሕዝቡ አዋጁን ሳይሰማ ቢቀር ተወቃሹ ነጋሪው ነው?

በጨዋታዎች ላይ ችግሩ ይብሳል። ተራ መተግበሪያ የስልኩን ዝግጁ በተኖችና የጽሑፍ ሳጥኖች ስለሚጠቀም፣ ሠሪው ባያስብበትም የተወሰነ ዝርዝር ይወጣለታል። እንደ ዩኒቲ ባለ ሞተር (የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር) የተሠራ ጨዋታ ግን ስክሪኑን በሙሉ እንደ አንድ ሥዕል ስለሚስለው፣ ሠሪው ካልጨመረበት በቀር ለስክሪን ሪደሩ የሚደርሰው አንድ ድዳ ሰሌዳ ነው። ዩኒቲ ይህን ዝርዝር በስልክ ላይ ማቅረቢያ መሣሪያ በ2023.2 ዕትሙ አካትቷል፤ መሣሪያው ግን ዝርዝሩን በራሱ አይጽፍም።

ገበጣ በስልክ ቢሠራ እንበል። እያንዳንዱን ጉድጓድ «ጉድጓድ» ብሎ መሰየም ምንም አይጠቅምም፤ ተጫዋቹ ማሰብ የሚጀምረው «የእርስዎ ረድፍ፣ ሦስተኛ ጉድጓድ፣ 4 ጠጠር» ሲባል ነው። ጠጠሩን ዘርቶ ሲጨርስም የመጨረሻዋ የት እንዳረፈችና ተራው የማን እንደሆነ በአጭሩ ሊነገረው ይገባል። በእያንዳንዷ ጠጠር «ጠጠር ወደቀ» እያሉ መለፈፍ ግን ጨዋታውን ይገድለዋል፤ ለዚያ አንዲት «ቀጭ» የምትል ድምፅ ትበቃለች። «ጨዋታችን ሙሉ ድምፅ ስላለው ለዓይነ ስውራን ይሆናል» የሚሉኝ ሰዎች፣ ከዚያ ሁሉ ድምፅ የትኛው ስለ ጠጠሩ ብዛት እንደሚናገር ቢያሳዩኝ እወዳለሁ።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፤ ስሙ ስለተጻፈ ብቻ በአማርኛ በትክክል ይነበባል ማለት አይደለም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ ብቻውን የተጻፈ «አለ» ተናገረ ለማለት ይሁን ይገኛል ለማለት፣ የንባብ ሶፍትዌሩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ በተን ላይ እንዲህ ያለ አሻሚ ቃል ለብቻው ባይቆም ይመረጣል።

«አሁንማ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥዕሉን ያያል» የሚለው መልስ በከፊል እውነት አለው። አይፎን ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስም የሌላቸውን በተኖች የሚገምት አሠራር ይዟል፤ ለቸገረው ሰው ጠቃሚም ነው። ነገር ግን የሰይፍ ሥዕል «ምታ» ይሁን «ሽጥ» የሚያውቀው ሠሪው ነው፤ ግምቱ እስኪመጣ ድረስም ተጋጣሚው አይጠብቅም። ጨዋታ ቅንጦት ነው ለሚለው ደግሞ፣ ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 መዝናኛን ጭምር እንደሚጠቅስ ማስታወስ ይበቃል።

ጨዋታውን መፈተሽ የሚፈልግ ሠሪ ቶክባክን አብርቶ፣ ስክሪኑን ሳያይ፣ አንድ ዙር ለመጨረስ ይሞክር። የሚያይ ሰው መጀመሪያ ላይ በልምድ ማነስ መደናበሩ ስለማይቀር፣ ያደናበረው ሁሉ የመተግበሪያው ጉድለት አይደለም። የመጨረሻውን ፍተሻ ስክሪን ሪደርን በየቀኑ ለሚጠቀም ዓይነ ስውር ይስጥ፤ የድካሙንም ዋጋ ይክፈለው።